«ተበቀል» የሚባል ሕፃን

በእኛ አገር ስም ቃል ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገር ነው። «አለማየሁ»፣ «አንዳርጋቸው»፣ «ታረቀኝ» ብላችሁ ስትጣሩ ሙሉ ሐሳብ ነው የምትናገሩት። ሐሳቡ ደግሞ የልጁ አይደለም፤ የወላጁ ነው። «ታረቀኝ» የተባለው ሕፃን ከማንም አልተጣላም፤ «ፈጣሪዬ ሆይ ታረቀኝ» ያለው አባቱ ነው። ወላጅ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለባላንጣ ወይም ለፈጣሪ ያለውን መልእክት በልጁ ላይ ጽፎ ይልከዋል። መልእክቱ መልካም ሲሆን ማንም አይከፋም። ጨለማ ሲሆንስ? ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ፣ ደም መፍሰሱም በየአካባቢው ባልቆመበት በዚህ ጊዜ፣ ይህ ጥያቄ የቤተሰብ ወግ ብቻ ሆኖ አልታየኝም።

ጨለማ ስም ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ከሐዘን የሚወጣው ነው። ሞት የገባበት ቤት ልጅ ሲያገኝ «ማስረሻ»፣ «ማዘንጊያ»፣ «ምትኩ»፣ «ካሳ» ይላል። «ሞትባይኖር» የሚባልም አለ። ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የተባሉት ሁለቱ ነገሥታት ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ካሳ ነበር። እነዚህ ስሞች ከበስተጀርባቸው ለቅሶ አለ፤ ነገር ግን ልጁን «እንዲህ አድርግ» አይሉትም። የሆነውን ይናገራሉ፤ ልጁም መጽናኛ ሆኖ ይኖራል።

ሌላው ከቁጣ የሚወጣው ነው። «ናደው»፣ «በላቸው»፣ «አሸብር» እንላለን። እነዚህ ትዕዛዞች ናቸው። «ደመላሽ» ደግሞ የሥራ ድርሻ ነው፤ የፈሰሰን ደም የሚመልስ ማለት ነው። (በዚህ ስም የምትጠሩ ወዳጆቼ አትቀየሙኝ፤ አብዛኞቻችሁ ዶሮ እንኳ ለማረድ ሰው እንደምትለምኑ አውቃለሁ።) ስሞቹ የመጡት ከየት እንደሆነ ግልጽ ነው። ዳኛ ሩቅ፣ ጠላት ቅርብ በነበረበት ዘመን ወንድ ልጅ መወለዱ አንድ ጠመንጃ እንደመጨመር ይቆጠር ነበር። ስሙም ለጎረቤት ማስጠንቀቂያ ነበር።

ሆኖም ያኔም ቢሆን የሚያስፈራው ስም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለአዋቂ ነበር። የፈረስ ስምን አስቡ። ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ባልቻ ሳፎ «አባ ነፍሶ» ይባሉ ነበር። ይህን ስም የያዘው ሰው ፈረስ ላይ የወጣ፣ የሚያደርገውን የሚያውቅ፣ በስሙም የሚፎክር ነው። አንቀልባ ላይ ያለ ሕፃን ግን አይፎክርም።

ስም ደግሞ ሥራውን አይሠራም። ደርግ በኤርትራ ግንባር ያሰለፋቸውን ዕዞች «ውቃው»፣ «መክት»፣ «መንጥር»፣ «ናደው» ብሎ ሰይሟቸው ነበር። በመጋቢት 1980 አፍአበት ላይ የሆነውን የዚያን ጊዜ ሰው ያስታውሰዋል። የተናደው ራሱ ናደው ዕዝ ነበር።

ሌላም ነገር አለ፤ ቃል ባለበት አይቆምም። «አሸብር» የሚል ስም ያወጣ አባት ልጁን ጀግና ይሁን፣ ይፈራ ማለቱ ነበር። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ከወጣ በኋላ ግን «ሽብር» የሚለው ቃል ከፉከራ ወደ ክስ መዝገብ ገባ። አዋጁ በ2012 በሌላ አዋጅ ተተካ፤ ቃሉ ግን ከዜናው አልወጣም። ስሙን የተሸከመው ሰው ምንም ሳያደርግ ስሙ ተለወጠበት። ዛሬ ለሕፃን የምናወጣው ስም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምን ሊያሰማ እንደሚችል ማን ያውቃል?

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ወጣት ዘመዴ ከወራት በፊት ወንድ ልጅ ተወለደለት። ታላቅ ወንድሙ በግጭት ተገድሏል፤ ማን እንደገደለው እስከ ዛሬ የጠየቀም፣ የመለሰም አካል የለም። ለአራስ ጥየቃ ስንሄድ «ስሙን ማን አላችሁት?» ብንለው «ተበቀል» አለን። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም «ምነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ሌላ ምን አለኝ?» አለኝ። «ወረዳ ሄድኩ፣ ፖሊስ ጋ ሄድኩ። አንድ ወረቀት እንኳ አልሰጡኝም። ቢያንስ በልጄ ስም ይጻፍልኝ።»

እናቱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። የሞተባቸው ልጃቸው ነው፤ ከማንም በላይ መቆጣት የሚችሉት እሳቸው ናቸው። «ልጄ» አሉት ቀስ ብለው፣ «አንዱን ቀብሬያለሁ። ይኼንን ደግሞ ገና ጡት ሳይጥል ለምን ትልክብኛለህ? ካልክ በቀለ በለው። ይብቀልልኝ።»

ያ ወጣት መልስ አልሰጠም። እኔ ግን ከዚያ ቤት ስወጣ ያሰብኩት ስለ ስሙ ብቻ አልነበረም፤ «ወረቀት አልሰጡኝም» ስላለው ነገር ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ደም የጠማው ሰው አይደለም። አቤቱታውን የሚያስገባበት መዝገብ ቤት አጥቶ ልጁን መዝገብ ያደረገ ሰው ነው። ፍርድ ቤት ያልከፈተውን ፋይል እሱ በቤቱ ከፈተው። የበቀል ስም ብዙ ጊዜ የጭካኔ ምልክት ሳይሆን የፍትሕ ዕጦት ምልክት ነው የምለው ለዚህ ነው።

የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ተፈረመ። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም በሚያዝያ 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። በፖሊሲው ውስጥ እውነት ማፈላለግ አለ፣ ተጠያቂነት አለ፣ ካሳ አለ፣ ዕርቅ አለ። የሚገርመው እነዚህ ቃላት ራሳቸው የልጅ ስም ይወጣቸዋል፦ እውነቱ፣ ካሳ፣ ዕርቅይሁን። ነገር ግን ከሐዘንተኛው ደጅ ደርሶ «ወንድምህን ማን ገደለው? ምን እናድርግልህ?» ብሎ የሚጠይቅ እስካልመጣ ድረስ ፖሊሲው ወረቀት፣ ስሙ ደግሞ «ተበቀል» ሆኖ ይቀጥላል።

«ታዲያ መንግሥት እንዲህ ያለውን ስም አይከልክልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። የሚከለክሉ አገሮች አሉ። ኒውዚላንድ «ሉሲፈር» የሚለውን ስም አልመዘግብም ብላለች። ጀርመንም የሕፃኑን ደኅንነት የሚጎዳ ስም ሲመጣ መዝጋቢው እምቢ ማለት ይችላል። የእኛ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ ስም የማውጣቱን ሥልጣን ለአባት ሰጥቶ፣ እናት ሁለተኛ ስም እንድትጨምር ይፈቅዳል። እኔ ክልከላውን አልደግፍም። በዚህ አገር ቢሮና ትምህርት ቤት በሰው ስም ላይ እጁን ሲያስገባ ምን እንደሆነ እናውቃለን። «ስምህ አይጠራም፣ አይመችም» እየተባሉ አባታቸው ያላወጣላቸውን ስም ይዘው ያደጉ ኦሮሞዎችና የደቡብ ልጆች ዛሬም ያወሩታል። ክፉ ስም የሚለየው ማነው? ለአንዱ ቀበሌ ክፉ የሆነው ለሌላው የአያቱ መታሰቢያ ነው።

ከልካይ ባይኖርም መካሪ ግን ነበረን። በኦሪት ራሔል በምጥ ልትሞት ስትል ልጇን «ቤንኦኒ»፣ የሐዘኔ ልጅ ብላ ሰየመችው። ያዕቆብ ግን «ብንያም» አለው። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፤ ሐዘኑን ግን ልጁ እንዲሸከመው አላደረገም። በእስልምናም ዓሊ ልጃቸውን «ሐርብ»፣ ማለትም ጦርነት ሲሉት ነቢዩ «ሐሰን» ብለው እንደቀየሩት ይተረካል። በሁለቱም ታሪክ ስሙን የለወጠው የቅርብ ሰው እንጂ ጽሕፈት ቤት አይደለም። ጊዜም አለ። በክርስቲያኑ ቤት ወንድ ልጅ እስኪጠመቅ አርባ ቀን፣ በሙስሊሙ ዘንድ እስከ ሰባተኛው ቀን ይታሰብበታል። ለልደት ምዝገባም ሕጉ ዘጠና ቀን ይሰጣል። አያት፣ ክርስትና አባት፣ ሼኽ፣ ጎረቤት የሚናገሩት በዚህ መሐል ነው።

ይህ ምክር ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ ያስፈልጋል። ድሮ የማይወደድ ስም በቅጽል፣ በቁልምጫ ወይም በክርስትና ስም ይሸፈን ነበር። ሰውየው አገር ሲቀይር ስሙንም ይቀይራል፣ ማንም አይጠይቀውም። አሁን በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ፋይዳ መታወቂያ ስምን ከጣት አሻራና ከፊት ምስል ጋር አስሮታል። መቀየር አይቻልም አይደለም፤ ግን ፍርድ ቤት መመላለስ፣ የትምህርትና የባንክ ሰነድ ማስተካከል አለው። ወላጅ በአንድ ቀን ቁጣ የጻፈውን ልጁ በስንት ዓመት ድካም ይፍቀው?

ደግሞ ስም በእኛ አገር ከባለቤቱ ጋር አይቀበርም፤ የልጁ የአባት ስም፣ የልጅ ልጁ የአያት ስም ይሆናል። ያ ሕፃን አድጎ፣ አግብቶ፣ ሴት ልጅ ወልዶ «ሰላማዊት» ቢላት ትምህርት ቤት የምትጠራው «ሰላማዊት ተበቀል» ተብላ ነው። የአባቷን አጎት አታውቀውም፣ ገዳዩንም አታውቀውም። አጠገቧ የምትቀመጠው የማን የልጅ ልጅ እንደሆነች ደግሞ ማን ያውቃል?

ስለዚህ ሐዘናችሁን በልጃችሁ ስም ጻፉ፤ የሚነፍጋችሁ የለም። ማስረሻ በሉት፣ ካሳ በሉት። ትዕዛዙን ግን ለሕፃኑ አትስጡት። እሱ የሚላከው ሊያዝዙት ወደሚገባው አካል ነው፤ ለፖሊስ፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለፍርድ ቤት። እነሱም ቢሆኑ ይህን ይስሙ፦ ያልተመዘገበ አቤቱታ አይጠፋም። መዝገብ ካጣ በልጅ ስም ይመዘገባል።