«የአቢሲኒያ ድመት» የእኛ አይደለችም

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አንድ ፎቶ በየጊዜው ይዞራል። ጆሮዋ ሰፋ ያለ፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ እያንዳንዷ ፀጉሯ ሁለት ሦስት ቀለም የያዘች ወርቃማ ድመት ናት። ከሥር «ዓለም ያወቃት ኢትዮጵያዊቷ ድመት» ተብሎ ይጻፋል፤ ወገን በኩራት ይቀባበለዋል። እኔ ይህን ኩራት እቃወማለሁ። ሐሰት ላይ የቆመ ነው፤ ከዚያም አልፎ ደጃችን ያሉትን ድመቶች እንዳናይ ዓይናችንን ይጋርደናል።

የዋግ ሰው ደግሞ «የአቢሲኒያ ድመት» የሚለውን ስም ታሪክ ከማንም በላይ ልብ ሊለው ይገባል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ፣ ከአሸንጌ ሐይቅ በኋላ ያለፈው በዋግሹም ጎበዜ ግዛት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባቱን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ሰቅለውበት ነበርና ጎበዜ ጦሩን አልከለከለም። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሰዉ፤ መቅደላም ተዘረፈች። የተዘረፈው ብራናና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ።

የድመቷ ስም የመጣው ከዚህ ዘመቻ ነው። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1874 እ.ኤ.አ. ስለ ድመቶች ባሳተመው መጽሐፍ፣ ባሬት ሌናርድ የተባለ መኮንን ሚስት ንብረት የሆነች ድመት ሥዕል አለ። ስሟ ዙላ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ከአቢሲኒያ መጣች ተባለ። ሥዕሏ ግን የዛሬዋን የትርዒት ድመት እምብዛም አይመስልም፤ የዛሬዎቹ ከእርሷ መወለዳቸውን የሚያሳይ የዘር መዝገብም የለም። እንዲያውም በዚያው ዘመን ከነበሩ እንግሊዛውያን አርቢዎች አንዳንዶቹ ዝርያው በአገራቸው ድመቶች ማዳቀል የተገኘ ነው ይሉ ነበር። በኔዘርላንድ የላይደን ሙዚየም ደግሞ በ1830ዎቹ የገባ፣ ይህንኑ ዝርያ የሚመስል ድመት አለ፤ መለያው አገሩ ሕንድ መሆኑን ይናገራል። የዘር ጥናትም ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያመለክታል እንጂ ወደ እኛ ተራራ አይደለም።

ታዲያ የምንኮራው በምንድን ነው? ስሙ የተለጠፈው «ከሩቅ የመጣ» የሚባል ነገር ስለሚሸጥ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለታሪኩ ነው፤ እኛም ሌላው የነገደበትን ታሪክ ተቀብለን በነፃ እናስተዋውቅለታለን።

ይኸው «ከሩቅ የመጣ» ፍለጋ ዛሬ የባሰ ቦታ ደርሷል። በ1986 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አነር ከቤት ድመት ተዳቅሎ «ሳቫና» የተባለው ዝርያ ተጀመረ። አነር በእኛ ደጋ የሣር ሜዳ አይጥ እያደነ የሚኖር፣ እግረ ረጅምና ነጠብጣብ አውሬ ነው። አነር ከ70 ቀን በላይ ያረግዛል፤ የቤት ድመት ግን በ65 ቀን ገደማ ትወልዳለች። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጽንሱ ይጨነግፋል ወይም ያለ ጊዜው ይወለዳል። የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ወንዶች መካን ናቸው። ለአንድ የመጀመሪያ ትውልድ ግልገል እስከ 20 ሺህ ዶላር ይጠየቃል፤ ካደገ በኋላ ግን ቤቱ ውስጥ በሽንት ምልክት እያደረገበት የሚቸገረው ባለቤት ብዙ ነው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም ይባላል፤ አነር ደግሞ መቼ መነኮሰና! አውስትራሊያ ለአገሯ እንስሳት ሰግታ በ2008 እ.ኤ.አ. የሳቫና ድመት እንዳይገባ ከለከለች።

የአውሬ መልክ ያለው እንስሳ በቤት መያዝ ክብር ተደርጎ በተቆጠረ ቁጥር ዋጋውን የሚከፍለው ጫካው ነው። ከምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚሰረቁ የአቦሸማኔ ግልገሎች በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይጋዛሉ፤ ብዙዎቹ በመንገድ ያልቃሉ። የአገራችን ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድን ይከለክላል፤ እንዲህ ያለ አውሬ በቤት ተይዞ የተነሣውን ፎቶ እያየ «እንዴት ያምራል!» የሚል ሰው ግን ለነጋዴው ገበያ እየፈጠረ ነው።

አሁን ወደ ደጃችን ድመት፣ ወደ ዋግ ፃግብጂ ወረዳ እንምጣ። በተከዜ ተፋሰስ ዝናብ ባጠረበት ዓመት የሚገኘው ማሽላ ትንሽ ነው፤ ከዚያችው ላይ አይጥ ይካፈላል። ጎታውን የምትጠብቀው ስም የሌላት፣ የዘር መዝገብ የሌላት ግራጫ ድመት ናት። በ2014 ዓ.ም. ከፃግብጂና ከአበርገሌ ተፈናቅሎ ሰቆጣ ዙሪያ የከረመ ቤተሰብ ዳግም ጎጆ ሲቀልስ፣ ከአይጥ የተረፈች እያንዳንዷ ቁና ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። ይህችን ድመት ግን ማንም አያጋራትም። ስትታመም የሚያያት የለም። አይጥ በዛ ተብሎ መርዝ ሲበተን፣ የተመረዘውን አይጥ በልታ ልትሞት ትችላለች፤ ያኔ አይጡ ተመልሶ ይፈላል፣ የሚያድነውም የለም።

ስለ ኢትዮጵያ ድመት መናገር የሚፈልግ ከዚህች ይጀምር። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ለከብትና ለፍየል ክትባት ሲወጡ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለውሻም ለድመትም ይያዙ። ግብርና ጽሕፈት ቤቱም ስለ አይጥ መርዝ ሲመክር፣ ድመት ያለበት ቤት መርዙን የት ማኖር እንደሌለበትና የሞተውን አይጥ ቶሎ ለቅሞ መቅበር እንዳለበት አብሮ ይንገር።