«እጅህን አታቆሽሽ» አትበሉኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ መኪና አቁመህ ስትወርድ ወገን ከሰላምታ ቀጥሎ ሁለት ነገር ይጠይቅሃል። «ስንት ገዛኸው?» ይልሃል፤ ቀጥሎ ደግሞ «ሲሸጥ ያወጣል?» የእኔ መኪና ለሁለቱም የሚያኮራ መልስ የላትም። የ1994 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ ናት። ሁለት ወንበር፣ የሸራ ጣሪያ፣ በእጅ የሚቀየር አምስት ማርሽ፣ ሲበሩ ከኮፈኑ ላይ እንደ እንቁራሪት ዓይን ብድግ የሚሉ መብራቶች። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአንድ ጡረተኛ ሰውዬ በ4,200 ዶላር ገዛኋት። ያኔ 118,000 ማይል ሄዳለች። ደለስ ኤርፖርት እንግዳ ልቀበል ከሄድኩ ወይ ሰውየውን ወይ ሻንጣውን መምረጥ አለብኝ። ለቅሶ ቤት ስንሄድ የሚሳፈርልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጉልበቱ ደህና ከሆነ። ይኼን ሁሉ አውቃለሁ፤ በዚህ የሚቀልዱብኝ ዘመዶቼም ልክ ናቸው።

የማልቀበለው ሌላ ነገር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ፣ ክንዴ እስከ ክርን ዘይት ነክቶት ሲያገኙኝ የሚሉኝን። «አንተ ልጅ፣ የተማርከው ለዚህ ነው እንዴ? ለመካኒክ ስጠውና እጅህን አታቆሽሽ።»

ይህችን ምክር እጠላታለሁ። በፍቅር የምትሰጥ ምክር መሆኗ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል።

በገዛኋት በሁለተኛው መከር ላይ መኪናዋ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረች። መጀመሪያ የአንድ ሳንቲም ስፋት፣ ከዚያ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ያህል። የአፓርታማው አስተዳደር በሬ ላይ ማስጠንቀቂያ ሲለጥፍልኝ ሰፈራችን ካለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው አንስቶ ከሥር አየና በሃያ ደቂቃ ፍርዱን ሰጠ። የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ ሄዷል፤ እሱን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ 1,350 ዶላር። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮኑንም ብንቀይረው ይሻላል፤ በድምሩ 1,900። መኪናዋን ከገዛሁበት ዋጋ ግማሹ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ሌባ ነው አልልም። ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት ቦታ በዘይት ርሷል፤ እዚያ ቦታ ደግሞ ፓራኦሊዮ አለ። ገመተ። ግምት ግን ምርመራ አይደለም፤ ስህተት ሆኖ ቢገኝም የሚከፍለው ገማቹ አይደለም።

አንድ የአጎቴ ልጅ መፍትሔ ነበረው። «ከሥር አሳጥባትና ሽጣት። ገዢው እስኪያውቅ አንድ ወር ይፈጃል» አለኝ። ይኼንን ሲል ፊቱ ላይ ምንም ነገር አልነበረም፤ የአየር ሁኔታ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ያገለገለ ስፖርት መኪና ገበያ ላይ ርካሽ ሆኖ የምታገኙት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ያልተሠራው ሥራ ከመኪናው ጋር አብሮ ይሸጣል። የመጀመሪያው «ሌላ ጊዜ» አለ፣ ሁለተኛው አጠበና አስረከበ፣ ሦስተኛው ባለ ሃያ ሦስት ዓመት ልጅ በብድር ገዝቶ በሁለተኛው ወር ሞተሩ እጁ ላይ ቀረበት። ያ ልጅ «እነዚህ መኪኖች እርግማን ናቸው» እያለ ይኖራል። ከእሱ በፊት የነበሩትን ሁለት ሰዎች ስማቸውን እንኳን አያውቅም።

አባቴ ጋ ደወልኩ።

አባቴ አዲስ አበባ ቄራ አካባቢ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል። እኔን ግን ጋራዡ በር ላይ ካለችው ወንበር አልፌ እንድገባ አይፈቅድልኝም ነበር። «አንተ እዚያ ተቀመጥ፤ ደብተርህን ያዝ» ይለኛል። የወላጆች ስብሰባ ሲኖር ቀድሞ በናፍጣ፣ ቀጥሎ በኦሞ እጁን ይፈትጋል፤ ከዚያም ስብሰባው ላይ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ቅጽ ተሰጠን፤ «የአባት ሥራ» የሚል መስመር ነበረው። «ነጋዴ» ብዬ ጻፍኩ። አባቴ ፈረመበት። አንብቦት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። «እጅህን አታቆሽሽ» ስትሉኝ የምሰማው ያንን ቅጽ ነው። እኔን ለማክበር የምትናገሯት ቃል እሱን ትሰድበዋለች።

ስልክ ላይ የሆነው ይኼ ነው።

«ዘይቱ የት ነው ያለው?»

«ከሥር። ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት።»

«ከሥርማ ይኖራል። ዘይት ወደ ላይ ሲፈስ አይተህ ታውቃለህ? ከየት ጀመረ ነው ያልኩህ።»

«መካኒኩ የኋላ ፓራኦሊዮ ነው አለ።»

«አጥቦ አየው?»

ዝም አልኩ።

«እጠበው። አድርቀው። ትንሽ ንዳና አቁም። ከዚያ ከላይ ጀምረህ ወደ ታች እያት፤ ከታች ወደ ላይ አይደለም።»

አስር ዶላር የማይሞላ የሞተር ማጠቢያ ገዛሁ። ኤሌክትሪክ ነክ የሆነውን በላስቲክ ሸፍኜ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ግማሽ ሰዓት ነዳሁ። በባትሪ መብራትና በትንሽ መስታወት ከላይ ጀምሬ ስፈልግ፣ ትኩስ ዘይት ያየሁት ሰውየው ካለበት ቦታ ሳይሆን ቴስታታው ጀርባ ላይ ነው። እዚያ፣ ሞተሩና የጋቢናው ግድግዳ መሀል በተጣበቀው ቦታ ላይ፣ ከካምሻፍቱ ጋር እየዞረ ለኮምፒውተሩ ካንዴላዎቹ መቼ ብልጭ እንደሚሉ የሚነግር ሴንሰር አለ። መግቢያው ላይ አንዲት ክብ ላስቲክ አለች። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ስትግልና ስትቀዘቅዝ የኖረች ላስቲክ ትደርቃለች። ዘይቱ በእሷ በኩል ይወጣና በሞተሩ ጀርባ ይወርዳል፤ የሚያርፈውም ልክ የኋላው ፓራኦሊዮ ቢበላሽ ዘይት የሚታይበት ቦታ ላይ ነው። በዚህ ዘመን ሚያታ ባለቤቶች ዘንድ ይኼ የታወቀ ነገር ነው። ዓመት ሙሉ እየነዳኋት ሳላውቀው የቆየሁት እኔ ነኝ፤ ይኼን በማንም አላሳብብም።

የላስቲኳ ዋጋ ከአምስት ዶላር በታች ነው።

ሥራው ቀላል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ሴንሰሩን የያዘው አንድ ብሎን ነው፣ በ12 ቁልፍ የሚፈታ፤ ግን አይታይም። እጅህን አጣምመህ ታስገባለህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ በጣትህ ትፈልጋለህ። ከመፍታትህ በፊት ደግሞ የተቀመጠበትን አቅጣጫ ምልክት ማድረግ ግድ ነው፤ ሴንሰሩ ትንሽ ከዞረ ብልጭታው ጊዜውን ይስታል። እኔ የጽሕፈት ስህተት ማጥፊያ ነጩን ቀለም ተጠቀምኩ። ለማረጋገጥ ጊዜ ማሳያ መብራት ተውሼ፣ ኮፈኑ ሥር ካለችው የምርመራ ሳጥን ሁለቱን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝቼ፣ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ ቀድሞ እንደሚለኩስ አየሁ። የለመደ ሰው በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል፤ እኔን ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ሁለት ጣቴም ተላጠ። ማንጠባጠቡ ቆመ።

እንግዲህ ሂሳቡን ሥሩት። 1,900 ዶላር ከፍዬ፣ አዲስ ፓራኦሊዮና አዲስ ፍሪሲዮን አስገብቼ፣ መኪናዋ ያው እያንጠባጠበች ነበር የምትመለስልኝ።

«ጊዜህ ገንዘብ ነው» የሚለኝ ሰው አለ። ሌሊት የሚነዳ፣ ቀን ልጆች የሚያደርስ፣ እሑድ ብቻ የሚተኛ ወገን ይህን ቢለኝ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ለእሱ ካምሪ ከሁሉም ይሻላል፤ ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። ክርክሬ ስፖርት መኪና ለደስታው ገዝቶ፣ ደስታዋን ከማወቅ ነፃ እንድትሰጠው ከሚፈልገው ጋር ነው። ከእኩዮቼ ጋር ማለት ነው።

ታዩዋቸዋላችሁ። አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ቱርቦ የጀርመን መኪና በብድር ይገዛሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ፎቶ፣ በሁለተኛው አዲስ ቸርኬ፣ በሦስተኛው ሰፈር የሚቀሰቅስ ጭስ ማውጫ። ታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ስትጠይቃቸው «ሻጩ ተቀይሯል ብሎኛል» ይላሉ። ደረሰኝ? የለም። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ማለት ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ለእኔዋ ሞተር በየ60,000 ማይሉ ነው የሚመከረው። የእሷ ቺንጋ ቢበጠስ ባልቦላና ፒስተን አይጋጩም፤ መንገድ ዳር ታቆምሃለች እንጂ አትሞትም። ብዙ ሌሎች ሞተሮች ግን ያን ምሕረት አያውቁም፤ ባልቦላዎቹ ይታጠፉና የቸርኬው ዋጋ እጥፍ ሆኖ ይመጣል።

ፎቶ የማይነሳ ሥራ ደግሞ አለ። ሚያታ ላይ ከወንበሮቹ ኋላ፣ በሁለቱ ማዕዘን፣ ከሸራው ላይ የሚወርደውን ዝናብ የሚያስወጡ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ቅጠል ይደፍናቸዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ከበሩ ሥር ባለው ክፍት ብረት ውስጥ ይጠራቀምና ከውስጥ ማዝገም ይጀምራል። ዝገቱ በውጭ ቀለሙን አሳብጦ ስታየው ውስጡን ጨርሷል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አሥር ደቂቃ፣ አንድ ለስላሳ ቱቦ፤ በቃ። የስንቱን ሰው መኪና የገደለው የእነዚህ ቀዳዳዎች መደፈን ነው! ውድድር ወይ አደጋ አይደለም፤ ቅጠል ነው።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። ከአባቴ ጋር ስለ መኪና ስናወራ በሁለት ቋንቋ ነው። እሱ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ ይላል፤ ጣሊያን ጥሎልን የሄደው የጋራዥ ቋንቋ። እኔ እዚህ አገር በእንግሊዝኛ ተማርኩት። ገና እርስ በርስ እየተረጎምን ነው። ዶክተርና ኢንጂነር ልጆች ያሏቸው ስንት መካኒኮች ይህን ቋንቋ ለማንም ሳያወርሱ እየሄዱ እንደሆነ አስቡት።

የእጅ ሥራ ንቀቱ ከመኪናው ይቀድማል። ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ሌላ ሌላ ስም ስንሰጥ የኖርን ሰዎች ነን፤ በሠሩልን ማረሻ እያረስን፣ በሠሩልን ድስት እየበላን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ ያስገባው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፍረውባታል። አንድ ዓመት፣ ሁለት እንግዳ ነገር። መኪናውን ተቀበልነው። አዋጁን ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ሜሪላንድ ድረስ ተሻግረንም አልሰማነውም፤ መኪናውን ወደን የሚጠግነውን እጅ እንንቃለን።

«እንዲህ ከሆነ ለምን መካኒክ አልሆንክም?» አለችኝ አንዷ ጓደኛዬ፣ ልትወጋኝ ብላ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አባቴ ወንበሩ ላይ ስላስቀመጠኝ ነው። እሱ ደግሞ እንዲያ ያደረገው እናንተ እጁን ታዩ ስለነበር ነው።

ላስቲኳን የቀየርኩ ቀን ማታ በቪዲዮ ደወልኩለት። እዚያ ነግቷል። «ኮፈኑን ክፈተውና አስነሳት፤ ስልኩን አስጠጋ» አለኝ። አስነሳኋት። ምስሉን አላየውም፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎታል፤ ስክሪኔን የሞላው ሽበቱ ነው። ትንሽ ቆየና «ከላይ ታንኳኳለች» አለ። እውነቱን ነው፤ የባልቦላዎቹ መግፊያዎች ዘይት እስኪሞሉ ድረስ ስትነሳ ትንሽ ታንኳኳለች፤ በእድሜዋ የተለመደ ነው። እኔ ሳልነግረው፣ ከዓለም ወዲያኛው ጫፍ፣ በስልክ ነው የሰማው።

«ዘይት መቼ ቀየርክ?»

ደብተሬን አውጥቼ ቀኑንና ማይሉን አነበብኩለት። ዝም አለ። ከዚያ ዞር ብሎ እናቴን ሲጠራት ሰማሁ።

«ነይ እስቲ፤ ልጅሽ ሞተር ፈታ።»

«ምን ጎድሎት?» አለች እናቴ።