ቅጣቱ ከባድ፣ መያዙ ቀላል ያልሆነ ሕግ

በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ፖሊስ «ቁም!» ሲለው ሳይቆም የሚፈረጥጥ አሽከርካሪ እስከ 5 ዓመት እስራትና 10 ሺህ ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ሆኖም የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ፖሊስ በመኪና የሚያሳድደው በጥቂት ወንጀሎች ብቻ እንዲሆን ደነገጉ። ዓላማቸው በማሳደድ ሳቢያ የሚጠፋውን ሕይወት ማዳን ነበር።

ገበያ ግን የሚያየው የተለጠፈውን ዋጋ ሳይሆን የሚከፈለውን ነው። የመኪና ሌባም እንዲሁ ያሰላል፤ ካልተያዘ ቅጣቱ ወረቀት ነው። ብቸኛው ምክንያት ሕጉ ነው ባይባልም በተከታዮቹ ዓመታት የመኪና ስርቆት አሻቀበ። ኪሳራው በባለንብረቱና በኢንሹራንሱ ላይ ወደቀ።

ምክር ቤቱ በ2023 ገደቡን አላላ። በ2024 ደግሞ ከመራጮች በፊርማ የቀረበለትን ማሻሻያ አጸደቀ። አሁን ፖሊስ የትኛውም ሕግ ስለመጣሱ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ካለው ማሳደድ ይችላል፤ ተጠርጣሪው ለሌሎች አደጋ መሆኑንና እሱን መልቀቅ ከማሳደዱ የከፋ መሆኑን ግን መመዘን አለበት።

ሚዛኑ ተገቢ ነው፤ መንገደኛው የሌላ ሰው ዕዳ ከፋይ መሆን የለበትም። ነገር ግን ከ2021 እስከ 2024 ሦስት ጊዜ የተለዋወጠ ሕግ በየማለዳው ዋጋ እንደሚቀይር ሱቅ ነው። ፖሊሱም ባለንብረቱም ሊተማመኑበት የሚችሉት ከረጋ ብቻ ነው።