ማህተሙ ከማረፉ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊቱን ወደ ምዕራብ ወዳዞረ የመስታወት ሕንፃ ግቡ። ሠራተኞቹ መስታወቱ ላይ ካርቶንና ጋዜጣ ለጥፈዋል። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ደጅ ፀሐይ ሞልቶ ሳለ ውስጥ አምፖል በርቷል፤ ቬንትሌተሩ ይዞራል። ይህ የሚሆነው 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠች፣ ማታ ማታ ጋቢ በምታስደርብ ከተማ ነው።

ሕንፃውን የነደፈው ሰው ሰነፍ አይደለም። ኮለኑና ቢሙ ሸክሙን እንዲችሉ፣ ርዕደ መሬት እንዲቋቋሙ አስልቷል። የፀሐይን መንገድ ግን ማንም አላሰላለትም፤ እሱም አልተጠየቀም። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ለአናት የቀረበች ናት፤ የሰሜንና የደቡብ መስኮትን አነስ ያለ የጥላ ክዳን ይበቃዋል። የምዕራቧ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ሰተት ትላለች። ይህን ያልተማረ ኢንጂነር ለደብረ ብርሃን ብርድ የሠራውን ፕላን እንዳለ ወደ ሰመራ ይወስደዋል።

ሌላው ያልተሰላ ነገር ካርቦን ነው። «መብራታችን ከውሃ ነው፣ ካርቦን የእኛ ጣጣ አይደለም» የሚሉ አሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የሕዳሴ ግድብ ኩራታችን ነው፤ ሆኖም መዘናጊያ ሊሆን አይገባም። መብራቱ ንጹሕ በሆነበት አገር የሕንፃው ካርቦን በብዛት የሚወጣው ገና ሪባን ሳይቆረጥ፣ በሲሚንቶውና በፌሮው ነው። ክሊንከር ለማምረት የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቃጠላል፤ ከሚወጣው ካርቦን ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከራሱ ከድንጋዩ ነው። ነዳጁን ብንቀይር እንኳ ያ ጋዝ አይቀርም። ያለን መንገድ ክሊንከሩን መቆጠብ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ የሞላውን የእሳተ ገሞራ አመድ በመቀላቀል፣ በኮለኖች መካከል ያለውን ርቀት አሳጥሮ ሶሌታውን በማሳሳት።

አርማታ ሲሞላ ቆማችሁ ተመልከቱ። ኮንክሪቱ ሲደርቅባቸው ውሃ ይጨምራሉ፤ ሲቀጥን ደግሞ «ለማንኛውም» ብለው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይደፉበታል። 50 ኪሎ ነው፣ እንዲሁ በግምት! ተቆጣጣሪው ዝም ይላል፤ ማነሱ እንደሚያስጠይቀው እንጂ መብዛቱም ዕዳ እንደሆነ የነገረው የለም።

እንግዲህ ንቁ! ዘንድሮ የሚመረቀው ኢንጂነር ቢያንስ 35 ዓመት ይነድፋል፤ የሚነድፈው ሕንፃ ከእሱም በኋላ ቆሞ መብራት ይበላል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የስትራክቸር ትምህርትና የሕንፃ ሙቀት ትምህርት ተለያይተው መሰጠታቸው ይብቃ። የመመረቂያ ፕሮጀክቱ በካሬ ሜትር ስንት ኪሎ ሲሚንቶና ፌሮ እንደሚፈጅ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ከሰዓት ክፍሉ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ካላሳየ አትለፉት። መለማመጃው አልጠፋም፤ የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን «ኤጅ» የተባለ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል። ሥራ ላይ ያሉትን ኢንጂነሮች ማሠልጠንም አትርሱ፤ ከተማው በየቀኑ የሚገነባው በእነሱ እጅ ነው። የግንባታ ፈቃድ ሰጪዎችም እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከፕላኑ ጋር ጠይቁ።

ሕንፃ ልታሠሩ ያሰባችሁም እናንተው ከፋዮቹ ናችሁ፤ ለመስታወቱ በዶላር፣ ለማቀዝቀዣው በየወሩ፣ መብራት ሲጠፋ ለጄነሬተሩ ናፍጣ። በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ አማካሪያችሁ ጠረጴዛ ላይ ፕላኑን ሲዘረጋ የምዕራቡን ግድግዳ በጣታችሁ ጠቁሙና «እዚህ ከሰዓት ማን ይቀመጣል? ምን ያህልስ ይሞቀዋል?» በሉት። አስልቶ እስኪመልስላችሁ ድረስ አትፈርሙ።