በረዶ ሲጥል አሽከርካሪውን «ዛሬ ቤትህ ዋል» የሚለው ማን ነው?

ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. (በአውሮፓውያኑ ጃንዋሪ 6 ቀን 2025) የአሜሪካ ምክር ቤቶች የፕሬዝዳንታዊ ምርጫውን ውጤት ለማጽደቅ ሲሰበሰቡ ዋሽንግተን በበረዶ ተሸፍና ነበር። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ውለዋል። ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ዕለቱ የገና ዋዜማ ነበር።

አገር ቤት ገናና ጥምቀት የሚከበሩት ሰማዩ ጠርቶ፣ የበጋው ፀሐይ ወጥቶ ነው። በዋሽንግተንና አካባቢዋ ግን ከባድ በረዶ የሚጠበቀው በእነዚሁ ሳምንታት ነው። ታክሲና ኡበር ለሚያሽከረክሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ወቅቱ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ልውጣ ወይስ ልቅር?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የመንግሥት ሠራተኛው ግን አይጠየቀውም። የፌዴራሉ የሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ አንዳንዴ ከዋዜማው ምሽት፣ አንዳንዴም ጎህ ሳይቀድ መሥሪያ ቤቶች ይዘጉ ወይም ዘግይተው ይከፈቱ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ሠራተኛውም ይህንኑ ሰምቶ ተመልሶ ይተኛል። አሽከርካሪው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የሚያወጣለት የለም። የመኪናው ዕዳ፣ የኢንሹራንሱ ክፍያ፣ ታክሲ ተከራይቶ የሚሠራ ከሆነም ሳምንታዊው ኪራይ በረዶ ጣለ ብለው አይቆሙም።

ችግሩን ያባባሰው የመኖሪያ ሰፈር መራቅ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደ ዋሽንግተን የመጡ ኢትዮጵያውያን ቀዳሚ መሰባሰቢያ አዳምስ ሞርጋን ነበር፤ በ18ኛው ጎዳና የተደረደሩት የእንጀራ ቤቶች የዚያ ዘመን ምስክር ነበሩ። ኪራይ እየናረ ሲሄድ ብዙ ቤተሰብ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ አቀና። ያኔ ከቤቱ ወጥቶ ሁለት መንገድ ሳያቋርጥ ተሳፋሪ ያገኝ የነበረ አሽከርካሪ፣ ዛሬ የመጀመሪያውን ተሳፋሪ ከመጫኑ በፊት የ495ን ቀለበት መንገድ ወይም የ14ኛው ጎዳና ድልድይን መሻገር አለበት። ድልድይ ከሥሩም ነፋስ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በበረዶ ቀን ክፉ ከሚባሉት የጉዞው ክፍሎች አንዱ ክፍያ የሌለው ነው።

አደጋው ሁልጊዜ ከበረዶው ብዛት ጋር እኩል አይሄድም። ጃንዋሪ 20 ቀን 2016፣ በእኛ የጥምቀት ዕለት ማምሻ፣ በዋሽንግተን የጣለው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነበር። መንገዶቹ አስቀድሞ ጨው አልተበተነባቸውም፤ ሰዓቱም የሥራ መውጫ ነበር። ከተማዋ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለች። የፕሬዝዳንት ኦባማ አጀብ እንኳ ከአንድሩስ አየር ኃይል ጣቢያ ዋይት ሐውስ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል፤ ከንቲባ ሙሪየል ባውዘርም ይቅርታ ጠይቀዋል። ከሁለት ቀን በኋላ የጀመረው ትልቁ ማዕበል በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 45፣ በደለስ ደግሞ 74 ሴንቲ ሜትር ገደማ በረዶ አከማቸ። ሁሉም ሰው አስቀድሞ ስለተነገረው ግን አብዛኛው ሕዝብ ቤቱ ነበር።

በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም፣ እንደ ጥጥ የሚንሳፈፈውም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚጋገረውም በረዶ ነው። ልምድ ያለው የዋሽንግተን አሽከርካሪ ግን ለይቶ ያውቃቸዋል። እሱ የሚፈራው ቀን ቀልጦ ሌሊት አስፋልቱ ላይ የሚለጠፈውን፣ እርጥብ መንገድ እንጂ በረዶ የማይመስለውን ነው።

ጃንዋሪ 3 ቀን 2022 ከዋሽንግተን በስተደቡብ፣ በፍሬድሪክስበርግ አቅራቢያ የሆነውም ብዙዎች የሚያስታውሱት ነው። ማዕበሉ በዝናብ ስለጀመረ መንገዱን በጨው ውኃ ማዘጋጀት አልተቻለም፤ ዝናቡ ያጥበው ነበርና። ዝናቡ ወደ በረዶ ሲለወጥ ከባድ ተሳቢዎች በ95 አውራ ጎዳና ላይ ተንሸራተው መንገዱን ዘጉት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተሽከርካሪዎች ሌሊቱን በቆሙበት አደሩ። የቨርጂኒያው ሴናተር ቲም ኬን ዋሽንግተን ለመድረስ 27 ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። ነዳጅ ሞልቶ፣ ብርድ ልብስና ውኃ ጭኖ መውጣት ለአካባቢው አሽከርካሪ የማያስፈልግ ጥንቃቄ አለመሆኑን ያ ሌሊት አሳይቷል።

እዚህ ላይ ዋጋ የሚባለው ጉዳይ ይመጣል። ባለሥልጣናት «ከመንገድ ራቁ» ሲሉ፣ በዚያው ሰዓት የአሽከርካሪው ስልክ የጨመረውን ታሪፍ እያሳየ «ና» ይለዋል። በ2016 ሜትሮ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ መድረስ ያለበት ሰው የቀረው አማራጭ መኪና ያለው ሰው ነበር። የዋሽንግተን የታክሲ ኮሚሽንም በበረዶ አዋጁ ወቅት ከመደበኛው ታሪፍ በላይ 15 ዶላር ጭማሪ ፈቅዶ ነበር። ኡበር በበኩሉ በ2014 ከኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጋር ከተስማማ ወዲህ በአደጋ ጊዜ የዋጋ ጭማሪው ላይ ጣሪያ አድርጓል። ጣሪያው ተሳፋሪውን ከብዝበዛ ይጠብቃል። አሽከርካሪውን ከመንገዱ ግን አይጠብቀውም፤ ይልቁንም ለተመሳሳይ አደጋ የሚያገኘውን ያሳንስበታል።

ቤት መዋልም ወጪ አለው። የበረዶ አዋጅ ሲታወጅ እንደ ኮኔቲከት ባሉ ዋና ዋና ጎዳናዎች መኪና አቁሞ የተገኘ 250 ዶላር ይቀጣል፣ መኪናውም ሊጎተት ይችላል። የምግብ ቤት ባለቤት ከሆነ ደግሞ በረዶው ካቆመ በኋላ ባሉት ስምንት የቀን ብርሃን ሰዓታት ውስጥ ከደጁ ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ አለበት፤ ካልጠረገ 150 ዶላር ይጠብቀዋል።

እንደ ዋሽንግተን ሁሉ በረዶ እምብዛም በማይበዛባት ለንደን፣ በፌብሩዋሪ 2 ቀን 2009 የከተማዋ አውቶቡሶች በሙሉ ከመንገድ ተነሥተው ነበር። ብዙ እንግሊዛውያን በዚህ ተሳልቀዋል። ነገር ግን ያን ቀን ውሳኔው የተቋሙ ነበር፤ እያንዳንዱ ነጂ በየቤቱ ሆኖ ከራሱ ጋር አልተሟገተም።

ኒውዮርክ በጃንዋሪ 23 ቀን 2016 ከቀኑ 8:30 ጀምሮ ከአስቸኳይ አገልግሎት በስተቀር ማንም እንዳያሽከረክር ከልክላ ነበር። እንዲህ ያለ ክልከላ ውሳኔውን ከአሽከርካሪው ትከሻ ያወርዳል፤ በእኔ ግምትም ሰውን በምክር መንገድ ከማስለቀቅ ይሻላል። ታክሲ የተከራየው ሰው ግን ያን ቀን የታዘዘውን ፈጽሞ ቤቱ ቢውልም፣ የሳምንቱ ኪራይ ያው ሙሉ ነው።