ስንገባ ውሻው ይቅር፣ ስንወጣ ቀንዱ ይቅር

የቱሪዝም ተማሪዎች እንደመሆናችን ነገ ከነገ ወዲያ አብዛኞቻችን እንግዳ ይዘን ፓርክ መግባታችን አይቀርም። ያን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሙናል። አንደኛው በር ላይ የሚነሳው «ውሻዬን ይዤ ብገባ ምን ችግር አለው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሲወጡ የሚመጣው «እንደው ለማስታወሻ የምወስደው ነገር አይኖርም?» የሚል ነው። ሁለቱም ተራ ጥያቄ ይመስላሉ። በእኔ አስተያየት ግን ለሁለቱም ቁርጥ ያለ መልስ ከአሁኑ ልንይዝላቸው ይገባል።

በመጀመሪያ የውሻውን እንመልከት። በከተሞቻችን ውሻን እንደ ቤተሰብ ማሳደግ እየተለመደ መጥቷል፤ ይህ በራሱ ክፋት የለውም። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ግን የሰናቴን አምባ አቋርጦ ያልፋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። መኪናውን አቁሞ ውሻውን ትንሽ ላናፍሰው የሚል ሰው እግሩን የሚያሳርፈው የቀይ ቀበሮ ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ በየትም አይገኝም። ለአቅመ መራባት የደረሱት በአጠቃላይ ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ውስጥ ናቸው። ይህ አውሬ ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው ብቻውን ነው፤ ኑሮው ግን በመንጋ ነው። ጠዋትና ማታ ተገናኝተው ይላላሳሉ፣ ይሻሻሉ። እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ውሻና ቀበሮ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ የውሻው በሽታ የቀበሮውም ነው። አንዱ ቀበሮ ከያዘው ደግሞ መንጋው በሙሉ ይያዛል።

ይህ ነገር በወረቀት የቀረ ስጋት አይደለም፤ ደጋግሞ የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 ወደ ዌብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ፈጅቷል። በሽታው ወደ ሌላው የፓርኩ ክፍል እንዳይዛመት የተደረገው ባለሙያዎች ቀበሮዎቹን አንድ በአንድ እየያዙ በመከተባቸው ነው። በ2008 እና በ2014 ደግሞ ተመልሶ መጥቷል። ዲስተምፐር የተባለው የውሻ በሽታም በ2005፣ በ2010 እና በ2015 እንዲሁ አድርጓል። ከእነዚህ ሁሉ ወረርሽኞች በስተጀርባ ያለው የቤት ውሻ ነው። ከ2018 ጀምሮ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ሸሽጎ ለቀበሮዎቹ ማብላት ተጀምሯል። ይህን ያህል የተደከመበትን ሥራ አንድ የሽርሽር ውሻ ገደል ሊከተው ይችላል።

«ኧረ ተው! የአካባቢው እረኛ ውሻ ሞልቶ የለም እንዴ? የእኔ አንዱ ምን ይጨምራል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አዎ፣ ሞልቷል። ነገር ግን የእረኛው ውሻ ሥራ አለው፤ ከብቱንና በጉን ከጅብ ይጠብቃል። ሰውየውም የሚኖረው እዚያው ነው፤ የክትባት ቡድኑ ቤቱን ያውቀዋል፣ በየጊዜው እየመጣ ውሻውን ይከትብለታል። የእንግዳው ውሻ ግን ከየት እንደመጣ፣ ምን ይዞ እንደመጣ፣ መቼ እንደተከተበ ማን ያውቃል? ደግሞስ ደሃውን እረኛ «ውሻህን አስከትብ፣ ቁጥሩን ቀንስ» እያልን፣ ባለ መኪናውን «ግባ» ብንለው በምን አፋችን ነው የምንመክረው?

ሌላው ቸል የምንለው ነገር ትርፍራፊ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ ድንኳን በተተከለበት ቦታ አጥንትና እንጀራ የለመደ ውሻ ከዚያ አይነቃነቅም። ስለዚህ ውሻ ይዞ አለመግባት ብቻ ሳይሆን፣ እዚያ ያለውንም አለማብላት የአስጎብኚው ኃላፊነት ነው።

በሌላም አገር ቢሆን ነገሩ ልቅ አይደለም። በ1872 በተቋቋመው የአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክ ውሻ ከመኪና መንገዱና ከመኪና ማቆሚያው ብዙም አይርቅም፤ እሱም በአጭር ገመድ ታስሮ ነው። በእግረኛ መንገዶቹ ላይ ጭራሽ አይፈቀድም። ውሻ ወዳድ በሆነ አገር እንዲህ ከሆነ፣ ከ500 የማይበልጥ አውሬ ያለን እኛማ ይበልጥ ልንጠነቀቅ ይገባል።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ሰው ከሄደበት ቦታ አንድ ነገር ይዞ መመለስ መፈለጉ ተፈጥሯዊ ነው። ጥያቄው ምኑን ነው የሚለው ነው። ድሮ ከዋልያ ቀንድ ዋንጫ ይሠራ ነበር፤ የጭላዳም ጎፈር ለጌጥ ይፈለግ ነበር። ዛሬ ያለፈቃድ የዱር እንስሳ ውጤት መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። «ወድቆ ያገኘሁት ቀንድ ነው» ማለትም አያዋጣም፤ ዛሬ የወደቀውን የሚገዛ ካለ ነገ የሚጥል አይጠፋም።

«ድንጋይስ?» ለሚለው ደግሞ አሪዞና ያለው ፔትሪፋይድ ፎረስት ፓርክ ጥሩ ትምህርት ነው። ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት ሰርቀው የሄዱ ጎብኚዎች፣ ኅሊናቸው ሲቆረቁራቸው ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ ይመልሱታል። ፓርኩ ግን ከየት እንደተነሳ ስለማያውቅ ቦታው ሊመልሰው አይችልም፤ ለብቻው ይቆልለዋል። አንድ ነገር ቦታውን ከለቀቀ ታሪኩንም ይለቃል ማለት ነው።

ታዲያ እንግዳው ባዶ እጁን ይመለስ? በፍጹም! አሜሪካኖች ከ1986 ጀምሮ «ፓስፖርት» የሚሉት ደብተር አላቸው። ጎብኚው ደብተሩን ገዝቶ በየፓርኩ የቦታውን ስምና ቀኑን የያዘ ማኅተም ያስመታበታል፤ ማኅተሙ በነፃ ነው። ይህን ለመሥራት የእኛ ፓርኮች ምን ያንሳቸዋል? አንድ ማኅተም፣ አንድ የቀለም ሰሌዳና አንድ ደብተር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ከዚያ በተጨማሪ የሐረና ጫካ ማርና ቡና አለ። ሰሜን ተራሮች ላይ ልጆች ከበግ ጸጉር የሠሩትን ባርኔጣ ይዘው መንገድ ዳር ይቆማሉ። እንዲህ ዓይነቱ ማስታወሻ ከፓርኩ ምንም አያጎድልም፤ ገንዘቡም ፓርኩን ሊጠብቅ የሚችለው የአካባቢው ሰው ኪስ ይገባል።

በአጠቃላይ፣ ዲፓርትመንታችን ለመስክ ጉዞ ከሚሰጠን መመሪያ ላይ ሁለት መስመር እንዲጨመርልን ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ውሻ ይዞ አለመግባትና አለማብላት፣ ከፓርኩ ውስጥም ምንም አለማንሳት። የማኅተሙን ደብተር ደግሞ እኛው ተማሪዎች ናሙናውን አዘጋጅተን ለፓርኮቹ ብናቀርብ እንደ አንድ የመመረቂያ ሥራ ሊቆጠር ይችላል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና፣ ቀይ ቀበሮን በፎቶ ብቻ የምናሳይ አስጎብኚዎች ከመሆናችን በፊት እንነጋገርበት።