ለድመት ስለምትሆን ትንሽ ደጃፍ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ጓዳ አያያዝና እህልን ከነቀዝ ስለ መጠበቅ ከዚህ ቀደም ጥቂት ቃል ጽፈን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከዚያው ከጓዳ ጋራ የሚሄድ አንድ ጉዳይ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ጉዳዩ በመጀመሪያ ለሚሰማው ሰው ትንሽና የሚያስቅ ይመስለዋል፤ እኛ ግን በቤታችን ከደረሰው ነገር የተነሣ ትንሽ አለመሆኑን ተረድተነዋል። ይኸውም በቤት መዝጊያ ላይ ለድመት መግቢያና መውጫ የምትሆን ትንሽ ደጃፍ ስለ ማውጣት ነው።

ድመት በቤቱ ያኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ ድመት በውጭ ያለች እንደ ሆነ ልግባ ብላ ትጮኻለች፤ በገባችም ጊዜ ጥቂት ቈይታ ልውጣ ብላ ትጮኻለች። ይህም ከጥጋብ የመጣ አይደለም። የድመት ተፈጥሮ በተለይ በንጋትና በምሽት፤ ብርሃንና ጨለማ በሚለያዩበት ሰዓት ማደን ነው፤ ሰው ግን በዚያ ሰዓት ወይ ተኝቷል ወይ ደጁን ቈልፏል። «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» የተባለውም ስለዚሁ ነው። እንግዲህ የቤቱ ሰው ከሦስት ነገር አንዱን ይመርጣል፤ ወይ እየተነሣ ይከፍትላታል፤ ወይ በውጭ ያሳድራታል፤ ወይም መዝጊያውን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። እኛም ሦስቱንም በየተራ ሞክረናል፤ የሦስተኛውንም ዋጋ ከፍለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤታችን በስተ ጓሮ ወደ ማድ ቤቱ የሚያወጣ አንድ የዝግባ መዝጊያ አለ። ይህንን መዝጊያ በእጃቸው የሠሩት የአክስታችን የእማሆይ ባለቤት ነበሩ፤ እርሳቸውም ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል። እማሆይ መዝጊያውን ፋሲካ በደረሰ ቍጥር ዘይት ያስቀቡታል፤ ጧት ሲወጡም በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገውት ያልፋሉ። በጓዳችን አይጥ በዝቶ የጤፉን ጆንያ ከሥር ቢበሳው፤ የሽሮውንም ዱቄት ቢያበላሸው፤ ድመት አመጣን፤ ድመቲቱም ሥራዋን በሚገባ ያዘች። ነገር ግን ሌሊት ሌሊት በዚያ መዝጊያ ሥር ተቀምጣ ስትጮኽ ለቤቱ ሰው ሁሉ እንቅልፍ ነሣች። አንድ ወዳጃችን «ከመዝጊያው ግርጌ ትንሽ ቀዳዳ አውጡላት» ብሎ ቢመክረን፤ እማሆይ ሰምተው «እርሱ የሠራውን እንጨት ለድመት ብዬ አላስበሳም፤ እኔ ካለፍሁ በኋላ እንደ ወደዳችሁ አድርጉት» አሉ። ከዚያ ወዲያ ደፍሮ የተናገረ አልነበረም። ስለዚህ ማታ ማታ በመዝጊያው ሥር ድንጋይ እያስደገፍን ለድመቲቱ ያህል ገርበብ አድርገን መተው ጀመርን።

አንድ ቀን ሊነጋ ሲል የማን እንደ ሆነ ያልታወቀ ውሻ በዚያው በገርበብታው ገባ። በማድ ቤቱ አጠገብ ባለው ክፍል ተኝቶ የነበረው የ7 ዓመት ልጃችን በእንቅልፍ ልቡ ድመቲቱ መስላው እጁን ቢዘረጋ፤ ውሻው ክንዱን ነክሶ በመጣበት ሮጠ። ቍስሉ ትንሽ ነበር፤ ዳሩ ግን ውሻው ጠፍቶ ስለ ቀረ ያበደ ይሁን ጤነኛ ሊታወቅ አልቻለም። ቍስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብነው፤ በዚያው ጧትም ወደ ሐኪም ወሰድነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ለማዳን የማይቻል ያህል ነው፤ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን ቍስሉ በሚገባ ታጥቦ ክትባቱ በጊዜው ከተሰጠ ሰውየው ይድናል። ይህንን ክትባት ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በአውሮጳ አቈጣጠር በ1885 ዓመት ጆሴፍ ማይስተር ለተባለ ውሻ ለነከሰው የ9 ዓመት ልጅ አሰጥተው፤ ልጁ ድኖ ለሽምግልና ደርሷል። የእኛም ልጅ የታዘዘለትን ክትባት ሁሉ ጨርሶ፤ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፤ ዛሬ በደኅና አለ። እነዚያን ሳምንታት ግን በቤታችን የሳቀ ሰው አልነበረም።

ልጁ ሦስተኛውን መርፌ ተወግቶ በተመለሰ ቀን፤ እማሆይ በዚያ መዝጊያ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ልጁን ጠርተው ክንዱን ካዩ በኋላ ወደ እኛ ዞረው «እኔ ትንሹን ቀዳዳ ብነፍግ ትልቁን በር አስከፈትኋችሁ። አናጢውን ጥሩልኝ» አሉን። ለአንባቢዎቻችን ልንነግር የፈለግነው ነገር ሁሉ በዚህ በእማሆይ ቃል ተጠቅልሎ ይገኛል።

አናጢውም እስኪመጣ ድረስ እማሆይ «ለመሆኑ ይህ ነገር በሌላው አገር በሰው ቤት የተደረገ ነውን?» ብለው ጠየቁን። እኛም በእንግሊዝ አገር ኤክሰተር በምትባል ከተማ ስላለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የምናውቀውን ነገርናቸው። በዚያ ቤተ ክርስቲያን የሒሳብ መዝገብ ውስጥ በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1305 እስከ 1467 ዓመት ለድመት ቀለብ የተከፈለ ገንዘብ ተጽፎ ይገኛል፤ ልኩም በሳምንት 1 ፔኒ ነበር። ከዚያም በኋላ በ1598 ዓመት ዊልያም ኮተን የተባሉት ኤጲስ ቆጶስ ለአናጢዎች 8 ፔንስ ከፍለው፤ በሰሜን ወገን ከትልቁ ሰዓት በታች ባለው መዝጊያ ላይ ለድመታቸው ክብ ቀዳዳ አስወጥተዋል። የሰዓቱ ገመድና መዘውር በሞራ ይታሽ ስለ ነበረ አይጦቹን ወደዚያ የሳባቸው ይኸው ሞራ ነው እየተባለ ይተረካል። ቀዳዳውም እስከ ዛሬ ድረስ ለጐብኚ ይታያል። እማሆይ ይህን በሰሙ ጊዜ ጥቂት ፈገግ ብለው «ጳጳሱ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ካስበሱ፤ እኔ የማድ ቤቱን ባስበሳ ምን ነውር አለው» አሉ።

አናጢው መጥቶ መዝጊያውን ካገላበጠ በኋላ ያላሰብነውን ነገር አሳየን። መዝጊያው አንድ ወጥ ሳንቃ ሳይሆን፤ በዙሪያው ባለ ወፍራም ክፈፍ ውስጥ አራት ሳንቃዎች የገቡበት ነበረ። «እማሆይ፤ ከታች ያለውን አንዱን ሳንቃ ሳልጐዳ አወጣዋለሁ፤ በእርሱ ፈንታ አዲስ ሳንቃ አገባና ቀዳዳውን በአዲሱ ላይ አወጣለሁ። አሮጌውን ያስቀምጡት፤ በፈለጉ ጊዜ ይመለሳል» አላቸው። እርሳቸውም «ተባረክ ልጄ» ብለው መረቁት። አሮጌው ሳንቃ ዛሬ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በእማሆይ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ የቈየና የከበረ መዝጊያ ያላችሁ ሁሉ፤ መጋዝ ከማንሣታችሁ አስቀድሞ ሳንቃው የሚወጣ መሆን አለመሆኑን አስመርምሩ። የኪራይ ቤት እንደ ሆነ ደግሞ የባለ ቤቱ ፈቃድ ይቅደም። መዝጊያው በእሳት የጠነከረ መስተዋት ከሆነ ከተሠራ በኋላ አይቈረጥም፤ ይሰባበራልና አይሞከር።

ስለ ልኩም ነገር፤ የድመቲቱ ሰውነት እጅግ በሚሰፋበት ቦታ ይለካና ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይጨመርበታል። ለእኛዪቱ ወርዱ 16፤ ቁመቱ 18 ሳንቲ ሜትር በቅቷታል። የቀዳዳው ታች ከመሬት የሚርቀው በድመቲቱ ሆድ ልክ ነው፤ ይህም በእኛ ቤት 12 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከዚህ ከፍ ቢል ድመቲቱ መዝለል ይሆንባታል፤ ዝቅ ቢልም የክረምት ጎርፍና ትቢያ ይገባል። በውጭ በኩል መሬቱ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ አንድ ድንጋይ ወይም ጡብ እንደ ደረጃ ይቀመጥላት። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ቀዳዳው ከቍልፉና ከመቀርቀሪያው መራቁ ነው። ከመቍረጥ በፊት የረጅም ሰው ክንድ ከብብቱ እስከ ጣቱ ጫፍ ይለካ፤ ያ ክንድ በቀዳዳው ገብቶ ቍልፉን የሚደርስበት ከሆነ፤ ለድመት ያወጣነው ደጃፍ ለሌባ ሆነ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ልኩን በወረቀት ቈርጦ በሳንቃው ላይ መለጠፍና በእርሳስ መክበብ ነው። ከዚያ በአራቱ ማዕዘን በመሰርሰሪያ በስቶ፤ ቀጭን መጋዝ አስገብቶ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን መቍረጥ ነው። ጠርዙ የድመቲቱን ጠጕር እንዳይነቅል በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ እርጥበት እንዳይጠጣም ዘይት ወይም ቀለም ይቀባ። መክደኛው ቀላል መሆን አለበት፤ ስስ ሳንቃ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ይሆናል። ብርሃን የሚያሳልፈው ይሻላል፤ ድመቲቱ በወዲያ በኩል ያለውን አይታ ሳትፈራ ታልፋለችና። መክደኛው ከላይ በኩል በቀጭን የብረት ዘንግ ተንጠልጥሎ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እንዲወዛወዝ ይደረጋል። እንጨት በክረምት እርጥበት ስቦ ስለሚያብጥ፤ በመክደኛውና በጠርዙ መካከል በየወገኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው። ከታች ትንሽ ማግኔት ቢደረግበት ነፋስ አያንኳኳውም።

መክደኛው ከተሠራ በኋላ ድመቲቱን በግድ ይዞ በቀዳዳው መግፋት ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ አንድ ጊዜ የፈራችው እንደ ሆነ ዳግመኛ አትቀርበውም። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች መክደኛውን ወደ ላይ በገመድ አስሮ ቀዳዳውን ባዶ መተው፤ ምግቧንም በወዲያ በኩል ማኖር ይገባል። ያለ ፍርሃት መመላለስ ስትጀምር መክደኛውን እኩል ድረስ ዝቅ ማድረግ፤ በመጨረሻም መልቀቅ ነው። የእኛዪቱ በ9 ቀን ለመደችው። ግልገሎች ያሏት እንደ ሆነም ለእነርሱ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ አያስፈልግም። ሊቁ አይዛክ ኒውተን ለትልቋ ድመት ትልቅ፤ ለግልገሎቿ ትንሽ ቀዳዳ አስወጣ እየተባለ ይቀለዳል፤ ማስረጃ የሌለው ተረት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ያወቀ ሰው ቀላሉን ነገር ሊስት እንደሚችል ያስተምራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ደጃፍን ማውጣት ብቻውን ጥበብ አይደለም፤ ደጃፍ ጠባቂ ይሻል። ይህች ቀዳዳ ትልቁን ውሻ አታስገባም፤ የጎረቤትን ድመትና ሸለምጥማጥን፤ በቈላ አገርም እባብን ልታስገባ ትችላለች። ስለዚህ በውስጥ በኩል ትንሽ መቀርቀሪያ ይደረግባት። ጅብ በሚዞርበት ሰፈር ድመቲቱ ማታ ከገባች በኋላ ተቀርቅሮ ማደሩ ለእርሷም ሕይወት ነው። በዛሬው ዘመን ደግሞ ለሌላ ድመት የማትከፈት ደጃፍ ተገኝታለች፤ የእንስሳት ሐኪም የሩዝ ፍሬ የምታህል ቍጥር የያዘች ነገር በድመቲቱ ቆዳ ሥር ያገባላታል፤ ደጃፊቱም ያንን ቍጥር አንብባ ለባለቤቷ ብቻ ትከፈታለች። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ስለሆነ ድንጋዩን በየጊዜው የሚለውጥ ሰው ያስፈልገዋል።

ዳግመኛም፤ በደጃፍ የምትመላለስ ድመት በውጭ ከሌሎች እንስሳት ጋራ ትገናኛለችና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የእንስሳት ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ ይሰጣት፤ በሽታው ውሻን ብቻ ሳይሆን ድመትንም ይይዛል። ድመት ባለበት ቤትም የአይጥ መርዝ አይበተን፤ መርዝ የበላውን አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለችና።

በቤታችን ዛሬ ማታ ማታ መቀርቀሪያዋን የሚያገቡት ሌላ ሰው ሳይሆኑ እማሆይ ራሳቸው ናቸው። ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ድመቲቱን «ገባሽ?» ብለው ጠርተው አይተው፤ ትንሹን ደጃፍ ይቀረቅራሉ፤ ከዚያም ትልቁን መዝጊያ ቈልፈው እንደ ልማዳቸው በመዳፋቸው ዳሰስ ያደርጉታል። ልጁም በዚያው ክፍል ይተኛል።